የቅሬያችን ካርታ

«አባዬ፣ በፈጠረዎት ያውርዱት!» አልኳቸው። «ወልድያ ተያዘ እኮ! ነገ መርሳ ነው፣ ከነገ ወዲያ እኛ ጋ ናቸው። ካርታ ግድግዳ ላይ ለጥፎ የሚጠብቅ ሰው አለ?»

«የቅሬ ነገር ይደበቃል እንዴ? ሌባ ነን?» አሉኝ አባቴ። አንዴ እምቢ ካሉ አለቀ፣ በሬ አይጎትታቸውም።

ካርታ ስል መሬት ያለበት እንዳይመስላችሁ። ከወልድያ ሸሽቼ አባቴ ቤት ከመግባቴ በፊት እዚያ ኮምፒዩተር አስተምር ነበር። አንድ ፕሮግራም አለ፤ ሥዕል የሚነካካበት ነገር የለውም፣ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው። እገሌ ከእገሌ ጋር ይገናኛል እያልኩ በየመስመሩ እሞላለሁ። ከዚያ አንዲት ትእዛዝ ስሰጠው፣ በብዛት የሚገናኙትን አቀራርቦ፣ ዙሪያቸውን ከልሎ፣ ቀለም ቀብቶ እንደ አገር ይስላቸዋል። ባሕር ሳይቀር ያበጅላቸዋል።

አባቴ የቅሬ ዳኛ ናቸው። እኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም የሚቀባበረው በቅሬ ነው፤ ሌላው እድር የሚለው። የማን ቤት ሰው ሲሞት ማን መጥቶ መቃብር እንደሚቆፍር እሳቸው ነገሩኝ፣ እኔ ሳልኩ። ብዙ ቦታ የሚደርስ ሰው ስሙ ጎልቶ እንዲጻፍ አድርጌ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የማይቆፍርበት ቀብር የለምና ስሙ መሀል ላይ እንደ ዋና ከተማ ጉብ አለ። ያኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በትልቅ ወረቀት አሳተምኩላቸውና ሳሎን ለጠፉት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መርሳ የተያዘች ዕለት የሰፈሩ ጎረምሳ በሙሉ ማሽላ ውስጥ ገባ፣ ወንድሜም አብሮ ገባ። የተገኘ ወጣት ይወሰዳል ይባል ነበር። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሦስት ነበርን፤ ሁለት ቀረን። ከውርጌሳ በኩል ከባድ መሣሪያ ያጉረመርማል። የመንገዱ ዝምታ ግን ከዚያ ይብስ ነበር፤ መኪና የለ፣ ገበያተኛ የለ፣ ስልክ የለ። እኔ ማሽላው በተነቃነቀ ቁጥር በር ላይ ወጥቼ አያለሁ።

አንድ ረፋድ ላይ ታጣቂዎች ገቡ። መሪያቸው ሰላም እንኳ ሳይል ካርታው ፊት ቆመ፣ ብዙ ቆመ። ድንበሮቹን በጣቱ እየተከተለ ሄዶ መሀል ላይ ደረሰ።

«አዛዣችሁ ይኼ ነው?»

«ልጄ ነው» አሉ አባቴ። «መቃብር ቆፋሪ ነው።» ወይ አባቴ! ምነው አንድ ቀን እንኳ ቢዋሹ!

«ደሴ ሄዷል» አልኩ ቶሎ ብዬ።

ሰውዬው ዞሮ አየኝ። ካርታውን ገንጥሎ አጣጠፈና ኪሱ ከተተው። «መኪናችን ላይ የሞተብን ልጅ አለ። ጥሩምባችሁን ንፉ፤ እነዚህ ቆፋሪዎች ይምጡ» አለ።

በእኛ ሰፈር የቅሬ ጥሩምባ ተነፍቶ የሚቀር ወንድ የለም። ቢነፋ ከማሽላው ሁሉም ግልብጥ ብለው ይወጣሉ፣ ከፊት የሚመጣው ደግሞ ወንድሜ ነው። ሬሳው እውነት ነበር፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አይቼዋለሁ። ግን ቆፋሪ ብቻ ነው የፈለጉት?

አባቴ ሬሳውን አዩ፣ ማሽላውን አዩ። «የሰው ልጅ ሜዳ ላይ አይቀርም። እቀብርላችኋለሁ» አሉ። «ጥሩምባ ግን አልነፋም። እኔው እቆፍራለሁ።» ዶማቸውን አንስተው ወጡ።

ሴት መቃብር አትቆፍርም። ቢፈቀድም እንኳ መሪው በሩ ላይ አንድ ጠባቂ አቁሞብኛል። አባቴ ከማሽላው ዳር ጎንበስ ቀና ሲሉ ከቤት ሆኜ አያለሁ። ታጣቂዎቹ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አባቴ ሁለት ሦስቴ ቆፍረው ወገባቸውን ይይዛሉ፣ ያስላቸዋል፣ ይቀጥላሉ። በልቤ ግን፣ ተመስገን፣ ወንድሜ ተርፏል አልኩ።

ለካ እሱም ከማሽላው ውስጥ ሆኖ ያያቸዋል። አባቱ ያለ ጥሩምባ፣ ያለ ጎረቤት፣ ብቻቸውን መቃብር ይቆፍራሉ፤ እኔ ደግሞ የለሁም። መቃብሩ የእኔ መሰለው፤ ከዚያ ቤት የቀረ ሌላ ሰው ማን አለና!

ማሽላው ተከፈለ። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «እህቴን! እህቴን!» እያለ ወጣ። መኪናውንም፣ መሣሪያውንም ያየ አይመስለኝም። ጠባቂውን ገፍትሬ «አለሁ! አለሁ!» እያልኩ ሮጥኩ።

ሲያየኝ የተቆፈረው አፈር ላይ ዘጭ አለ። «አለሽ?» አለኝ። «አለሽ እንዴ?» ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ፊቴን በአፈር እጁ ይዳብሳል። መሪው ከላያችን ቆሞ ስሙን ሲጠይቀው እንኳ፣ ያንን ካርታው መሀል ያለውን ስም እኔን እያየ ነው የነገረው።

ዶማውን ከአባቴ እጅ ተቀብሎ መቃብሩን ጨረሰ። ሬሳው ተቀብሮ ሲያበቃ ወንድሜን መኪናው ላይ ጫኑት። የት እንዳደረሱት እስከ ዛሬ አናውቅም። መኪናው ሲነሳም እኔ በሕይወት በመኖሬ ደስ ብሎት ይስቅልኝ ነበር።