ያልቀላ ቡና

ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ዳር ላስቲክ ላይ ከተዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት መካከል ያንን ሽፋን ሳይ እግሬ ተገታ። ገለጥ ሳደርገው የሻጋታ ሽታው መጣ፤ አብሮም የአማርኛ አስተማሪያችን ጎርናና ድምፅ።

ዓርብ ዓርብ፣ ወንዶቹ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ያነቡልን ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እሳቸውም እልህ ይዟቸው ይጮኻሉ። ታሪኩ ሳትፈልግ ሊድሯት ስለተነሱ አንዲት የደጋ ልጅ ነው። መጨረሻውን ግን "ቡና ለቅማችሁ ስትመለሱ" ብለው አቆዩብን።

እኔ አልመለስም ነበር። ቡናው እንደተሸጠ ሊድሩኝ አባቴ ቃል ሰጥተዋል። ሌሎቹ ሲወጡ ቀረሁና፣ "ቲቸር፣ እኔ እኮ ልዳር ነው። ልጅቷ ምን ሆነች?" አልኳቸው።

መጽሐፉን ከቦርሳቸው መልሰው አወጡ። ከዚያ የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልጠው ለእኔ ብቻ አነበቡልኝ። ልጅቷ አባቷ ፊት ቆማ "ያልቀላ ቡና ይለቀማል ወይ?" አለች። አባቷ ሠርጉን አስቀሩ፤ እሷም ትምህርቷን ቀጠለች።

ቤት ገብቼ አባቴ ፊት ቆሜ ያንኑ ደገምኩት።

"ማል ጄቴ? ምን አልሽ?" አሉ አባቴ። "ያ ረቢ! ማነው ይህን ያስተማረሽ?"

"መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፣ አባ።"

አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ የተጻፈ ነገር ግን ያከብራሉ። መንገድ ላይ የወደቀ ወረቀት እንኳ እንዳይረገጥ አንስተው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሸጉጡ ነበር። "የተጻፈ ከሆነማ…" አሉና ሽማግሌዎቹን በይቅርታ መለሱ።

መጽሐፉን ገዝቼ ቤቴ እንደገባሁ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ መጨረሻውን ገለጥኩ። ልጅቷ ተዳረች። በመጀመሪያ ወሊዷም ሞተች።

ክው አልኩ። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ከፊት ጀምሬ አገላበጥኩት፤ ከዳር እስከ ዳር ቡና የሚል ቃል የለበትም። የገብስ አገር ሰዎች ናቸው፣ ቡና የት አይተው ይልቀሙ! ጉድ በል ጅማ! የቡና ገበሬ ልጅ ሆኜ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት አልጠረጠርኩም? ዕድሜዬን ሙሉ ስመርቅ የኖርኩት ደራሲውን ነበር።

ያኔ ከቡና ለቀማ ስመለስ፣ አለመዳሬን ለቲቸር ልነግራቸው እየሮጥኩ ነበር ክፍል የገባሁት። ሰሌዳው ፊት የቆመው ሌላ አስተማሪ ነው። እሳቸው ወደ አገራቸው ተዛውረዋል፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም።

በሕይወት ካሉ፣ እስከ ዛሬ እንደተዳርኩ ነው የሚያውቁት።