ሰው ሳያናግሩ የሚቆረጥ ቅጠል

ልጅ ሳለሁ አባባ ይመር ያስተማሩኝን ነገር፣ እንዴት እንዳስተማሩኝም ጭምር፣ ለማንም ሙሉውን ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም፤ ነርሲንግ አብረውኝ ለተማሩት ጓደኞቼም አልተናገርኩም፤ ባለቤቴም የሚሰማው ይህን ሲያነብ ነው። ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ ስሜን ስናገር እንኳ ጆሮዬ ይግላል። አሁን የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ አይደለም፤ ታክቶኝ ነው።

አባባ ይመር የእናቴ አጎት ናቸው። ቤተሰባችን፣ በእኛ አገር እንደተለመደው፣ ግማሹ እስላም ግማሹ ክርስቲያን ነው፤ እሳቸው ለእናቴ ዱዓ ያደርጉላታል፣ እናቴም ለእሳቸው ስለት ትሳላለች። ቤታቸው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነበር። ንብ ያረባሉ፣ መድኃኒትም ያውቃሉ። ማወቃቸውን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚያውቁት ምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። የመድኃኒት ስም ከተጠራ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ ኃይሉ ትቶት ይሄዳል ይባላልና። ሲቆረጥም ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳያናግሩ ነው። መንገድ ላይ አንድ ሰው «እንዴት አደሩ?» ብሏቸው ድንገት ከመለሱለት፣ አባባ ይመር የዚያን ቀን ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት ይመለሱ ነበር።

ስሙ የማይጠራ ነገር ለልጅ እንዴት ይወረሳል? እሳቸው በተረት ነበር የሚያወርሱት።

ያኔ መብራት ወደ እኛ መንደር አልደረሰም ነበር፤ ከብቱ ከገባና ራት ከተበላ በኋላ ኩራዙ ከምሰሶው ላይ ይሰቀልና፣ እኛ ልጆች ከምድጃው ዙሪያ ተደርድረን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ አባባ ይመር የወይራውን ፍም በእንጨት እየቆሰቆሱ አፋቸውን እስኪከፍቱ እንጠብቅ ነበር። ጋቢያቸው ቀፎ የሚያጥኑበት የኩበት ጭስና የማር ሽታ ነበረው። ዛሬም ያ ሽታ የትም ቦታ ከመጣብኝ ጆሮዬ ተረት ይጠብቃል።

አብዝተው የሚነግሩን ሁለት ተረቶች ነበሩ። አንደኛው ሽታዋ ቀድሟት ስለሚደርስ ልጅ ነው። ይህች ልጅ የታመመ ሰው ቤት አትገባም፣ እህል አትቀምስም፣ በሽተኛውንም አትነካም፤ በደጁ ብቻ ታልፋለች። እሷ ስታልፍ ምግብ ያስጠላው ሰው ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ ራሱ የሚወቅረውም ይተነፍሳል። ስንት ጊዜ ብታልፍ ማንንም አትጎዳም። ሁለተኛው ተረት የእንግዳዋ ነው። እንግዳዋ አንድ ቀን ካደረች ቤቱን ጠርጋ፣ ተባዩን አስወጥታ፣ መርቃ ትሄዳለች። «ዛሬንም እደሪ» ካሏት ግን ጎተራውን ትጠርጋለች። ሦስተኛ ቀን ያሳደራት ሰው ራሱ ተጠርጎ ከደጅ ይገኛል። እኛ እዚህ ላይ እንስቃለን።

«ስሟ ማን ነው?» ብሎ አንዱ የአጎቴ ልጅ ጠየቃቸው።

«ስሟን የጠራት ሰው ቤት ነው የምትመጣው፤ አሁን ልጥራት?» አሉት። ልጁ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠ።

አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ትከሻዬን ነካ አድርገው ቀሰቀሱኝና ጣታቸውን ከከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ተከተልኳቸው። ጤዛው እግሬን እያራሰው ከአጥሩ ሥር ደረስንና ወደ አንድ ቁጥቋጦ ጠቆሙኝ። ሳልጎነበስ ሽታው ደረሰኝ፤ ጤና አዳም ነበር። ልጅቷን አወቅኋት። ቀጥለው ወደ ቁልቁለቱ ወሰዱኝና ከትልቁ ብሳና ሥር ተንበርክከው ቆፈሩ፤ ከሥሩ ላይ ልጣጭ ቀርፈው አስሸተቱኝ። ሽታው ይመራል። ከዚያ አንድ ጣታቸውን ብቻ ቀጥ አድርገው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። አንድ ቀን። እንግዳዋ እሷ ነበረች። ብሳናን ዛፍነቱን የማያውቅ የለም፤ ከሥሩ ምን እንደሚሠሩ፣ ለየትኛው ሆድ፣ ምን ያህል እንደሚሰጡ ግን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቤት ስንደርስ አስማሉኝ። ለምን እኔን እንደመረጡ በዓይኔ ስጠይቃቸው ሳቁ። «አንቺ አፍ የለሽም» አሉ። «ወንዶቹ ልጆች ዛሬውኑ አጅባር ገበያ ድረስ ያወሩታል።»

አድጌ ነርስ ሆንኩ። የምሠራበት ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ አልናገርም። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ምግብ ያሳልፋል፣ ልብስ ያሳልፋል፣ ቅጠል ግን አያሳልፍም፤ የታዘዘው እንደዚያ ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት ጤና አዳም ይዘው መጡ።

«እማማ፣ ሣሩን ወዴት ነው?»

«ለማሽተት ነው ልጄ፤ ልጄን ያቅለሸልሻታል።»

«ለማሽተት ከሆነ እዚሁ ያሽትቱና ይግቡ!»

ጤና አዳሙን፣ ዳማከሴውን፣ ጦስኙን ሁሉ እየተቀበለ ባልዲ ውስጥ ይጥለዋል። በግቢያችን ጥሩ ሽታ ያለው ነገር ያ የቆሻሻ ባልዲ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አሠልጣኝ መጥታ፣ ውጭ አገር አንዳንድ ሆስፒታሎች ውስጥ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያቅለሸልሻቸውን ሰዎች ከቅጠል የተጨመቀ ዘይት እያስሸተቱ እንደሚረዷቸው ነገረችን። ትንሿን ጠርሙስ ከእጅ ወደ እጅ አቀባበልናት፤ ሁሉም «ውይ፣ ደስ ሲል!» አለ። በማግስቱ ባልዲው እንደ ወትሮው ሞላ። ዘይት ሆኖ በጠርሙስ ሲመጣ ሕክምና ነው፣ ቅጠል ሆኖ በእናት እጅ ሲመጣ ቆሻሻ ነው። ይህን ለማን ይናገሩታል?

የቅጠሉን ሰዎችም አላመሰግንም። የሚሸተተውም የሚጠጣውም ለእነሱ ያው መድኃኒት ነው፤ ሁሉም ስም የለውም፣ ሁሉም ይደበቃል። እኛም እንዲደብቁ እናስተምራቸዋለን። ማንንም የማይጎዳውን ቅጠል በር ላይ ስንጥልባቸው ያዩ ሰዎች፣ ሊገድል የሚችለውን ውኃ በጋቢ ሸፍነው ያስገባሉ። ቅጠሉ ሽታው ያሳብቅበታል፤ ጠርሙሱ ግን ክዳን አለው።

እኔስ? እኔ ለዓመታት በጋውኔ ኪስ ጤና አዳም ይዤ እገባ ነበር። ሊያስመልሳት የሚተናነቃት ሴት ካየሁ፣ ሰው አለመኖሩን አይቼ አፍንጫዋ ሥር አስጠጋላታለሁ፤ ቀለል ይላታል። የሥራ ጓደኞቼ «ሽቶሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ከአዲስ አበባ ነው» እላለሁ። አንዷ እንዲያውም ግዢልኝ ብላ ነዝንዛኛለች።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አባባ ይመር በሳምባ ምች ታመው እኛ ሆስፒታል ተኙ። ሳላቸው በመርፌው እየቀለለ ሄደ። ነገር ግን ያስመልሳቸውና ሆዳቸውን ያስኬዳቸው ጀመር፤ ያ የሚያህል ሰውዬ አልጋው ላይ እንደ ሕፃን አነሱ። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ለሥራው ይጨነቃል፣ ግራ ገባው። መርፌውን ቀየረ፤ ባሰባቸው።

«የባህል መድኃኒት ወስደዋል?» አለ፤ ድምፁ ሌባ የያዘ ፖሊስ ድምፅ ነበር።

«ወላሂ ምንም!» አለች ልጃቸው እቴ ዘሀራ። አባባ ይመር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዶክተሩ በማግስቱ ጠዋት በአምቡላንስ ወደ ደሴ እንዲላኩ ወሰነ። በዚያ ድካም፣ በዚያ መንገድ ደሴ ስለመድረሳቸው እርግጠኛ የነበረ ሰው አልነበረም።

አመሻሹ ላይ ግሉኮሱን ልቀይር ስጎነበስ ከትራሱ በኩል መራራ ሽታ መጣብኝ። ከዚያ ጎህ ጀምሮ አልረሳሁትም። እጄን ከጋቢው ሥር ስሰድ ትንሽ ጠርሙስ አገኘሁ።

«አባባ» አልኳቸው፣ «እንግዳዋ ስንተኛ ቀኗ ነው?»

ዓይናቸውን ገለጡ። «አልረሳሽም፣ አንቺ ልጅ።»

«ስንተኛ ቀኗ ነው?»

«የመጀመሪያዋ።»

«ከገቡ ጀምሮ ያስመልስዎታል እኮ!»

«መርፌያችሁ ያረክስብኛላ!» አሉ ተቆጥተው። «ሆዴ ቢነፋብኝ ጠጣኋት፤ ወዲያው ወጋችሁኝ፣ ረከሰች። እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ ደግሞ ወጋችሁኝ። የረከሰ አይቆጠርም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መርፌው ጠዋትና ማታ ነው። በተወጉ ቁጥር አንድ ብለው እየጀመሩ፣ እንግዳዋን ማሳደር አደጋ መሆኑን ያስተማሩኝ ሰው እንግዳዋን እቤታቸው አክርመዋታል። መሳቅም መጮህም አማረኝ።

«ለዶክተሩ ምነው ቢነግሩት?»

«ዘሀራ ያመጣችውን ጤና አዳም ባልዲ ውስጥ ጣሉባት። ይቺን ቢያዩ ደግሞ እኔን የሚጥሉኝ አይመስልሽም?»

ጠርሙሱን በእጄ አገላበጥኩት።

«ጠርሙሷን ውሰጃት» አሉ ቀስ ብለው። «ዓይንሽ ካረፈባት ወዲህ አልጠጣትም። ስሟን ግን እንዳትጠሪ። ከጠራሻት የማወርሰው የለኝም፤ ተራ ሽማግሌ ነኝ።»

«አብሽሪ፣ እህቴ» አለች ከአልጋው ማዶ የተቀመጠችው እቴ ዘሀራ፣ «ደሴ ሲደርሱ ይሻላቸዋል።» ከቤቷ ሌላ ሥር እንዳስቀመጠች ፊቷ ይናገር ነበር። ደሴም መርፌ አለ።

ጠርሙሱን ይዤ ወደ ዶክተሩ ክፍል ሄድኩ። ስለ አምቡላንሱ በስልክ እያወራ ነበር፤ ቀና ብሎ «ምነው፣ ሲስተር?» አለኝ። ጆሮዬ ጋለ። የብሳናውን ነገር ብናገር ከየት አወቅሽ ይለኛል፤ ኪሴም ይፈተሻል፣ መሐላዬም ይፈርሳል።

«ምንም» አልኩት።

ኮሪደሩ ላይ ስደርስ የገዛ ድምፄን ሰማሁት። በየቀኑ በሽተኞች የሚመልሱልኝና በየቀኑ የሚያናድደኝ ቃል ነው። የተማርኩት ሁሉ ከእቴ ዘሀራ አንዲት ቃል እንኳ አላራቀኝም።

መጨረሻውን አስቀድሜ ልናገር። አባባ ይመር ደሴ አልሄዱም፤ ድነው በእግራቸው ወጡ። እስከ ዛሬ ግን አኩርፈውኛል። በየጊዜው በእቴ ዘሀራ እጅ ማር ይልኩልኛል፤ ሰላምታ አይልኩም። ዶክተሩ ከየት እንዳወቅሁት ሲጠይቀኝ «ሸተተኝ» አልኩት፤ ከዚያ ወዲህ በሽተኞቹን «ቤት ምን ሲረዳዎት ነበር?» እያለ ነው የሚጠይቃቸው፤ አንዳንዶቹም ይነግሩታል። ባልዲው ግን ዛሬም በሩ ላይ ነው፣ ዛሬም ይሞላል። አንዳንድ ጊዜ ሳስበው፣ አባባ ይመር ያወረሱኝ ከቅጠሉ ይልቅ ዝምታውን ይመስለኛል፤ ቅጠሉን ሰው ሁሉ ሊማረው ይችላል፣ ዝምታውን ለመጣል ግን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ለዶክተሩ «ምንም» ባልኩ ማግስት ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ባለቤቴ «ወዴት ነው?» ሲለኝ ጣቴን ከከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ከጓሮው አጥር ሥር ጤና አዳም ቆረጥኩ፤ ኪሴ ውስጥ አልከተትኩትም፣ በእጄ ያዝኩት። ጎረቤቴ «እንዴት አደርሽ?» ስትለኝ አንገቴን ነቅንቄ አለፍኩ። ጥበቃው «ሲስተር፣ እሱ ቅጠል...» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። አባባ ይመር አልጋ አጠገብ ደርሼ ቅጠሉን ከአፍንጫቸው ሥር አደረግሁላቸው። በረጅሙ ሳቡት። ከዚያ የተዘጋውን አፌን አዩ፣ በሕጉ እንደቆረጥኩት ገባቸው፣ ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ እግሬን ሊያስረው ምንም አልቀረውም።

ጠዋት ጠዋት ሐኪሞቹና ነርሶቹ ከሚሰበሰቡበት ክፍል ገባሁ። ዶክተሩ አምቡላንሱ መቅረቡን ሲናገር እጄን አወጣሁ። ሁሉም ዞሩ፤ እጄን ሳወጣ አይተውኝ አያውቁም ነበር። ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ብሳና» አልኩ። የዚያን ቀን ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ነበር።