የሚቆመው መኪና

ያን ቀን ጭሮ ከተማ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ነበር። በጽዳት የምሠራበት ቪዲዮ ማቀናበሪያ ቤት አንድ ሽርጥ ያገለደመ ሰው ጫማውን በር ላይ ደጋግሞ ጠርጎ ገባ። የመኪና ጌም ሲጫወት በስልኩ የቀዳውን ምስል ይዞ ነበር፤ እንደ ፊልም ማስታወቂያ እንዲቀናበርለት ፈለገ።

የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው አብዱናስር ግጭቱንና ፍጥነቱን መምረጥ ሲጀምር ሰውየው እጁን ያዘው።

«እሱን ተወው። የቆምኩበትን ብቻ አስገባ። እዚህ ጋ ሰው ሲሻገር ቆሜያለሁ። እዚህም ቆሜያለሁ።»

«አቦ፣ ዝም ብሎ የሚቆም መኪና ማን ያያል?»

«እኔ አየዋለሁ።»

ከዚያ የጠየቅኩት ይመስል ወደ እኔ ዞረ። «የጫት መኪና ሾፌር ነበርኩ። ጫቱ እንዳይጠወልግ ብዬ ስበር ወደ ቦኬ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ልጅ ገጭቼ ገደልኩ። ሽማግሌ አስታርቆናል፤ እናቷም ይቅር ብላኛለች።»

«አብሽር፣ አይዞህ» አልኩት። ቃሉ ለራሴም ቀለለብኝ።

አብዱናስር ሲጨርስ ሰውየው ቁጭ ብሎ ደጋግሞ አየው። መኪናው ሊቆም ሲል ቀኝ እግሩ ወለሉን አጥብቆ ይጫናል፤ እስኪቆምም አይለቅም።

ሰውየው አሁን ገለምሶ ከተማ መናኸሪያ ውስጥ የዕቃ ጋሪ ይገፋል።