ኤልዉድ ከእጁ አላወርድም ያለው ጠመንጃ

ለመጻፍ የሚያበቃ ትምህርት የለኝም። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ የተሳሳትኩት ካለ አንባቢ በልቡ ያርመው፣ ጮክ ብሎ ግን አያርመኝ፣ አፍራለሁ። ዝም እንዳልል ደግሞ የኤልዉድ ነገር ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ። በዕድሜው አባቴ ይሆናል፤ ቢሆንም አንቱታውን ራሱ ስለከለከለኝ እንዲሁ ኤልዉድ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ኤልዉድ እዚሁ ሞንታና፣ ከከተማችን ወጣ ብሎ ነው የሚኖረው። ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲያረባ ኖሮ አሁን ከብቱን ለልጁ፣ ልቡን ደግሞ ለአሮጌ ጠመንጃ ሰጥቷል። ጠመንጃ ሁሉ አይደለም። ከቃታው ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች ገፋ፣ ወደ ላይ መለስ ሲያደርጉት የሚጎርሰውን ብቻ ነው የሚወደው። ከዚያም መርጦ፣ የአዳኝ ጥይት ሳይሆን የወታደር ጥይት የሚጎርሰውን። እንዲህ ያለው እንደ ልብ አይገኝም።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አራት መስቀያ አለ። አንዱ ላይ የድሮውን የአሜሪካ ጦር ጥይት የሚጎርስ፣ አንዱ ላይ ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ አንዱ ላይ የእንግሊዝን የሚጎርስ ጠመንጃ ተሰቅሏል። አራተኛው ለሩሲያው ነው፤ እሱ ግን ባዶውን ኖረ። የሩሲያው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚህ አሜሪካ ተሠርቶ በመርከብ ወደዚያ የሄደ ነውና እዚህ የሚገኘው ከስንት አንድ ነው። ሚስቱ ኢርማ ባዶው መስቀያ ላይ ባርኔጣዋን ትሰቅላለች። «እስኪመጣ ድረስ ሥራ አይፍታ» ትላለች።

ጥይቱ ግን አለ። ኤልዉድ ጠመንጃውን ሳያገኝ ጥይቱን በሣጥን ገዝቶ አስቀምጧል። ጎረቤቱ ቨርጂል «ሙሽራይቱ ሳትገኝ ደገሰ» እያለ ይስቅበታል። ቨርጂል የልጅነት ጓደኛው ነው፣ እንደሱው ጠመንጃ ሰብሳቢ፣ ስለዚህም ባላንጣው።

የጸደዩ የጠመንጃ ገበያ በከብት ትርዒቱ አዳራሽ ቆመ። እዚያ ያልተጻፈ ሕግ አለ። አንድ ሰው ከጠረጴዛ ላይ ጠመንጃ ካነሳ፣ እስኪያስቀምጠው ድረስ ሌላው ዋጋ አይጠይቅም፣ እጁንም አይሰድም። ካስቀመጠው ግን አበቃ፤ ቀጥሎ ላነሳው ነው። ወንድም ለወንድሙ እንኳ ይህን አያፈርስም።

ኤልዉድ ጥግ ላይ ካለች ጠረጴዛ ደረሰ። በአሮጌ ኮርቻና በቢላዋዎች መሀል አንድ ረጅም ጠመንጃ ተጋድሟል። ጥይት አምስት አምስት አድርጎ ለማስገባት የሚያገለግሉ፣ እንደ ጆሮ ቀጥ ያሉ ሁለት ብረቶች አናቱ ላይ አሉ። ጎኑ ላይ የሩሲያ ማኅተም። ኤልዉድ ወዲያው አነሳው።

«ባለቤቱ የት አለ?» ብሎ ቀጥሎ ያለውን ሻጭ ጠየቀ።

«የፍሪዳ ነው። የሟች ባሏን ዕቃ ነው የምትሸጠው። ምሳ ሄዳለች፤ ፍሪዳ ደግሞ ከምትበላው የምታወራው ይበዛል።»

ከኋላው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቨርጂል ነው።

«ከባድ ነው አይደል?» አለ ቨርጂል።

«ላባ ነው።»

«ከደከመህ አስቀምጠው። እኔ እጠብቅልሃለሁ።»

«አዎ፣ ድመት ወተት እንደምትጠብቀው።»

ፍሪዳ አልመጣችም። ኤልዉድ ጠመንጃውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያዛውራል። የሚያልፈው ሁሉ ይተርበዋል። አንዱ «እሹሩሩ በለው እንጂ፣ ሊያለቅስብህ ነው» ብሎት አለፈ። ኢርማ ሃምበርገር ይዛ መጣች፤ እጁ እንዳልተፈታ ስታይ እየቆረሰች አፉ ውስጥ ታደርግለት ጀመር።

«አየህ፣» አለ ቨርጂል፣ «ጠመንጃውም ይጎርሳል፣ ተሸካሚውም ይጎርሳል። ሽንትህ ሲመጣስ?»

«አንተ ዞር ብትል ነገሩ ቀላል ነበር» አለች ኢርማ።

ቨርጂል ግን ዞር አላለም፣ አልተቀመጠምም። ፈቀቅ ካለ ሌላ ሰው ተራውን ይይዝበታል። ጉልበቱ ደግሞ ድሮ ፈረስ ከወደቀበት ወዲህ ጉልበት አይደለም። አንዴ በዚህኛው እግሩ፣ አንዴ በዚያኛው ሲቆም ቆየና ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው።

ኤልዉድ አላሰበም። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ጓደኛውን በብብቱ ገብቶ ያዘው። ኢርማ ወንበር ሳበች፤ አስቀመጡት፤ ውኃ ጠጣ። የሰው ሁሉ ዓይን ከቨርጂል ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ኤልዉድም ያኔ ነው ባዶ እጁን ያየው።

ቨርጂል ከተቀመጠበት እጁን ዘረጋ፣ ቀስ ብሎ ጠመንጃውን አነሳና ጭኑ ላይ አጋደመው።

«አንተ ሰውዬ፣ ወድቀህ አልነበረም?» አለ ኤልዉድ።

«የወደቀው ጉልበቴ ነው። እጄ ደህና ነው።»

በዚህ መሀል ፍሪዳ አፏን እየጠራረገች ደረሰች። «እሺ፣ ማነው የያዘው?» አለች።

ሁሉም ኤልዉድን አዩት። አንድ ቃል ቢናገር ግማሹ አዳራሽ ይመሰክርለት ነበር። ኤልዉድ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«ቨርጂል ነው» አለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኢርማ «ታዲያ ቢወድቅ ይሻልህ ነበር?» አለችው።

«እሱን ነው መንገዱን ሙሉ የማስበው» አላት። ሁለቱም ሳቁ፤ የእሱ ሳቅ ትንሽ አጠረች እንጂ።

ራት ላይ ስልክ ጮኸ።

«ኤልዉድ፣» አለ ቨርጂል፣ «ይሄ ነገር ለካ ጥይት ይፈልጋል።»

«ይፈልጋል።»

«ሱቁን ሁሉ ጠየቅኩ። የለም።»

«የለም። ያለው እኔ ጋ ነው።»

«እንግዲህ ሙሽራይቱ እኔ ጋ ናት፣ ድግሱ አንተ ጋ። ትሸጥልኛለህ?»

«አልሸጥም። ይዤው እመጣለሁ፤ መጀመሪያ የምተኩሰው ግን እኔ ነኝ።»

«ቁርስ እዚህ ብላ በቃ» አለ ቨርጂል።

በማግስቱ ጠዋት ኤልዉድ ባዶው መስቀያ ላይ የኢርማን ባርኔጣ መልሶ ሰቀለ። የጥይቱን ሣጥን የመኪናው የፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ እንደ ሰው በቀበቶ አሰረው፣ ነድቶም ቨርጂል ግቢ ገባ። እንቁላሉን በልተው ወደ ሜዳው ወጡና ኤልዉድ አምስት ጥይት በአንድ አሮጌ የወተት ቆርቆሮ ላይ ተኮሰ፤ ሁለቱ አገኙት። ቨርጂል ሳቅ እያለ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ እንጂ፣» አለ ኤልዉድ፣ ሌላ አምስት እያጎረሰ፣ «ገና አላስቀመጥኩትም።»