ጋሽ ቀጥ እና የማይጮኸው ፍሬን

አጎቴን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ቀጥ» ነው የሚለው። ሥራው ሳይክል መጠገን ነው፤ ግን ጠጋኝ ካልከው ቀኑን ሙሉ ያኮርፍሃል። «የሚጠገን ልብስ ነው፤ እኔ ሐኪም ነኝ» ይልሃል፣ ግራሶ የነካው እጁን በባሰ ግራሳም ጨርቅ እየጠረገ።

ስሙ የወጣለት በአንዲት ቃል ነው። ፍሬን ሠርቶ ሲጨርስ ሳይክሉን መንገድ ላይ ያወጣና ትንሽ ነድቶ ፍሬኑን ጭብጥ ያደርጋል። ከያዘለት «ቀጥ!» ይላል። በቃ። ያቺ ቃል ካልወጣች ሳይክልህን አታገኝም፣ ብታለቅስም አታገኝም። አንዴ ፖስተኛው ቸኩሎ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ለእኔ ግማሽ ቀጥም ይበቃኛል» ብሎ ቢለምነው፣ «ግማሽ ቀጥ ማለት ሙሉ ግድግዳ ማለት ነው» ብሎ መለሰው።

የሚሞተው ለእነዚያ ጥቋቁር የድሮ ሳይክሎች ነው፤ ወገብህን አቅንተህ እንደ ዳኛ ተቀምጠህ ለምትነዳቸው። ፍሬናቸው ገመድ አያውቅም። ከመሪው ቀጭን ብረት ወርዶ ሁለት ቁራጭ ላስቲክ የጎማው ቸርኬ ላይ ያጣብቃል። ሲያጣብቅ ደግሞ ይጮሃል፤ «ጢጢጢጢይይይይ!» ጥርስህን የሚያስነክስ ጩኸት!

አክስቴ፣ የእሱ ሚስት፣ በዚያ ሳይክል ነው እንቁላል የምታደርሰው። ከኋላ ሳጥን አለ፣ ሳጥኑ ውስጥ ገለባ፣ ገለባው ውስጥ እንቁላል። ከላይ ከቁልቁለቱ ስትመጣ ፍሬኑ ይጮሃል፣ ሰፈሩም ሳህን ይዞ ይወጣል። «እንቁላል!» ብላ ጮኻ አታውቅም። ፍሬኑ ይጮህላታል።

ችግሩ ዝናብ ነው። ቸርኬው ከራሰ ያ ላስቲክ ይዳብሰዋል እንጂ አይዘውም። ባለፈው በዶፉ ዝናብ ስትወርድ ብትጨብጥ፣ ብትጨብጥ፣ ወይ ፍንክች! ቁልቁለቱ የሚያልቀው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ነው። እሷ ግን በር ላይ አላለቀችም፤ ከነሳይክሏ ገብታ ባንኮኒው ጋ ነው የቆመችው። ዳቦ ጋጋሪው ቀና እንኳን ሳይል፣ «ስንት ልስጥሽ?»

አንድ እንቁላል አልተረፈም። የእጇ አንጓ አብጦ ቤት ገባችና አጎቴ ፊት ቆመች።

«ስማኝ! ወይ ፍሬኑ ያቆማል፣ ወይ እኔ እቆማለሁ። እንደዚህ ሆኜ ሁለተኛ እንቁላል አልጭንም!»

እሱ ሆዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«በእግሩ ነዋ!» አለች ጣራው እስኪነቃነቅ። «በሳይክል ቁልቁለት ይወርዳል ያለ አለ?»

ከመንገዱ ማዶ አዲስ ሱቅ የከፈተች ሴት አለች፤ ሞተር ስትጠግን የኖረች፣ ስታወራ ትንፋሽ የማትወስድ። ባለዲስኳ እንላታለን። እሷ የሠራችውን ሳይክል ብታየው፣ ጥቁር፣ ረዥም፣ ቁጭ የአጎቴን! ፊት ጎማው መሃል ላይ ግን የሸክላ ማጫወቻ ሸክላ የምታክል ክብ ብረት ታብረቀርቃለች። ዲስክ ፍሬን! አክስቴ በነጋታው በፋሻ የታሰረ እጇን ይዛ እሷ ጋ ሄደች። አጎቴ አይቶ እየሮጠ ተሻገረ። እኔም ተከተልኩ። እንዴት ልቀር?

«የድሮ ሳይክል ላይ ዲስክ መግጠም» አለ አጎቴ፣ «ለአያት ጂንስ ማልበስ ነው!»

«አያትየው ከተመቻቸው እኛ ምን አገባን ጋሼ በዚያ ላይ ይሞቃል አይቀደድም ደግሞም ያምርባቸዋል» አለች ባለዲስኳ፣ በአንድ ትንፋሽ።

«እሺ፣ ጎማውን የያዘው እግሩስ? ዲስክ በአንድ ጎን ነው የሚይዘው። ይሄ የድሮ ቀጭን እግር ይጣመማል!»

«እሱ እውነትዎን ነው፤ ለዚህ ነው የፊት እግሩን በወፍራም የቀየርኩት፤ ዳብሰው ይዩት።»

አጎቴ ጎንበስ አለ። ዳበሰ። ብየዳውን በጥፍሩ ፈተሸ። ምንም አላለም፤ እሱ ምንም ካላለ ደግሞ ብየዳው ግሩም ነው ማለት ነው።

«መንገድ ላይ እንየዋ!» አለ በመጨረሻ። «ዝናብ ይዝነብና!»

ሰማዩ የሰማው ይመስል ከሰዓት በኋላ አወረደው። አቤት የሰው ብዛት! በቁልቁለቱ ግራና ቀኝ ጃንጥላ ይዞ ተሰለፈ። አናጢው ከሱቁ ጣውላ አምጥቶ ታች መንገዱ ላይ አጋደመ። ከጣውላው በፊት መቆም ነው ጨዋታው። ዳቦ ጋጋሪው ለማንኛውም ብሎ በሩን ዘጋ።

መጀመሪያ አጎቴ በራሱ ሳይክል ወረደ። ገና ከላይ፣ የመብራት ምሰሶው ጋ ሲደርስ ባለ በሌለ ኃይሉ ጨበጠ፤ ሠላሳ ዓመት እዚያች ምሰሶ ጋ ነው መጨበጥ የሚጀምረው። «ጢጢጢጢይይይይ!» ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ በሁለት እግሩ አስፋልቱን ፋቀ። ጣውላውን ዘሎ ከስምንት እርምጃ በኋላ ቆመ።

«ጣውላው ተጠግቶ ነው!» አለ።

«ጣውላው እግር አለው እንዴ?» አለች አክስቴ። «በል አሁን በባለዲስኩ ውረድ። እኔ ጥሩ ነው ብል መች ታምነኛለህ!»

ባለዲስኳ፣ «ጋሼ በሁለት ጣት ብቻ ነው የሚነካው በሁለት ጣት...» እያለች ተከተለችው። ማን ይስማት! ኮፍያውን አጥብቆ ወረደ። እኛ ሁላችን ታች ጣውላው ጋ አፋችንን ከፍተን ቆመናል። ምሰሶው ጋ ደረሰ።

እንደለመደው ባለ በሌለ ኃይሉ ጨበጠ።

ምንም ድምፅ የለም! ሳይክሉ እዚያው ተተከለ፤ አጎቴ ግን ጉዞውን ቀጠለ። በመሪው ላይ አለፈ፣ ኮፍያው ቀደመው፣ ምሰሶው ጎን አናጢው ደጅ በላስቲክ የተሸፈነው የሰጋቱራ ክምር ላስቲኩ ተቀደደና ዋጠው።

አክስቴ ሽቅብ ሮጠች። «የኔ ጌታ! የኔ ጌታ! ተጎዳህ?»

ከክምሩ መጀመሪያ እጅ ወጣ። ከዚያ ፂሙ፣ ቅንድቡ፣ ጆሮው ሁሉ ሰጋቱራ የለበሰ ሰውዬ። አላያትም። የሚያየው ምሰሶው ሥር የወደቀውን ሳይክል ነው። ከዚያ ጣውላውን አየ፤ ሠላሳ እርምጃ ይርቃል። አፉ ውስጥ የገባውን ሰጋቱራ እንትፍ አለና፣

«ቀጥ!» አለ።

የተነሳውን ጩኸት እንዴት ልንገርህ! ጃንጥላ ተወረወረ! ባለዲስኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ ወሰደች።

በነጋታው ሁለቱ አንድ የብረት ማሰሪያ ሞርሳ ላይ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። የአክስቴ ሳይክል ላይ ወፍራም የፊት እግር ገባ፣ ዲስኩ ገባ። ባለዲስኳ የኋላውን የድሮ ፍሬን ልትፈታ ካቻቢቴ ስታነሳ ግን አጎቴ እጇን ያዛት። «እሱን እንዳትነኪ!»

«ጋሼ ምን ያደርግልዎታል ይጮሃል እንጂ አይዝም እኮ!»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ።

የአክስቴ እጅ የዳነ ለት ዝናቡ እንደጉድ ይወርዳል። ሳጥኗን ሞልታ ወጣች። አጎቴ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጨርቁን ያሻል፣ ያሻል፤ ጨርቁ ሊያልቅ ነው። እሷ ቁልቁለቱ አናት ላይ ብቅ ስትል የኋላውን ፍሬን ጫን አደረገችው። «ጢጢጢጢይይይይ!» ግራና ቀኝ በር ተከፈተ፣ ሳህን ወጣ። ሽው ብላ ወረደች! ዳቦ ጋጋሪው ድምፁን ሲሰማ በሩን ሊዘጋ በረረ፤ አልደረሰም። እሷ የፊቱን በሁለት ጣት ነካ አደረገችው።

ጎማው ለዳቦ ቤቱ ደፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ሳጥኑ ውስጥ አንድም እንቁላል አልተንኳኳም።

ዳቦ ጋጋሪው በር እንደያዘ ፈጦ ቀረ።

«ስንት ልስጥህ?» አለችው።