ስሜነህ ሞጣ ላይ ብረት ያላነሳበት ምክንያት

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ የስሜነህ ስም ሲመጣ እየሳቅሁ ነው ያነሳሁት። ልጁ ነበረች። «ጋሼ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ።

«ቀልድ ነው አይደል?» አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲያ ነው ያልኳት። ከሃምሳ ዓመት በላይ ስንተዋወቅ ሳያስቀኝ ስልክ ዘግቶ አያውቅም። አሁንም አላመንኩም። እየጻፍኩ ብቆይ ይደውል ይሆናል ብዬ ነው መሰለኝ የምጽፈው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በጃንሆይ ጊዜ ማብቂያ ላይ ቢቸና የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ፣ ስሜነህ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር። ቀን ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፤ ከሥራ ሲወጣ ብረት ይገፋል። ብረቱን የሠራው ራሱ ነው፤ የውሃ ቧንቧ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተሞላ ሲሚንቶ። እኔ፣ አንድ ፖሊስና የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ከጤና ጣቢያው ጀርባ እየተሰበሰብን አብረነው እናነሳ ነበር።

ግን ማንም ዝም ብሎ ብረት አይነካም። ስሜነህ እጁን አጣምሮ ይቆምና «ብረቱን ቆይ፤ መጀመሪያ እግርህን አሳየኝ» ይላል።

በባዶ እግሩ የመጣውን ይመልሰዋል። «ነገ ጣትህን በፋሻ የምጠቀልለው እኔ ነኝ።»

ጸሐፊው ሶሉ ወፍራም የሆነ ለስላሳ ሸራ ጫማ አድርጎ ቢመጣ፣ «ይሄ ፍራሽ ነው። ፍራሽ ላይ ቆመህ ኩንታል ትሸከማለህ?» አለው።

የራሱን ጫማ ሞጣ ነው ያሠራው። ቆዳ ነው፤ ከሥር የመኪና ጎማ ተለጥፎበታል፣ እንዳያንሸራትት። ተረከዙ ውስጥ አንድ ጣት የሚያህል የዋንዛ እንጨት አለበት፤ «ቁጢጥ ስል ተረከዜ መሬት እንዳይለቅ» ይል ነበር። ማሰሪያውን ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያጠብቀው። ሲያስቀኝ የኖረው ጫማ ነው፤ አስቀያሚነቱ!

እኔማ የጫማ ሰው ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት፣ ታኮው ግማሽ ስንዝር የሚሆን፣ ፊት የሚያሳይ ጫማ ነበረኝ።

አንድ ዓመት የበዓል ሰሞን ቢቸናና ሞጣ ብረት በማንሳት ይግጠሙ ተባለ። ስሜነህ የሞጣ ልጅ ነው። አባቱ ደግሞ ይህን ብረት ነገር ከመጀመሪያውም አልወደዱትም። «የሚጫን አህያ ጠፍቶ ነው ልጄ ብረት የሚሸከመው?» ይላሉ። እንደምንም ለምኖ እንዲያዩት አስማማቸው። ወራት ሙሉ የተለማመደው ለዚያች ቀን ነው።

በጭነት መኪና ስንሄድ እግሬን አየና፣ «በዚህ ጫማ ካነሳህ አላውቅህም» አለኝ።

«አንተ ስለ ጉልበት አስብ፣ ውበቱን ለኔ ተውልኝ» አልኩት።

ሜዳው ሰው በሰው ሆኗል። አባቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ብረቱን ደረቴ ላይ አደረስኩት፣ ሕዝቡን ቀና ብዬ አየሁ፣ ታኮው «ቀጭ!» አለ። በጀርባዬ ተዘረርኩ። ስሜነህ ዘሎ እግሬን ባይጎትት ሲሚንቶው ቅልጥሜ ላይ ነበር የሚያርፈው።

አንዲት ሴትዮ ከኋላ፣ «የሒሳብ አስተማሪው ተቀነሱ!» ብለው ጮኹ። ሞጣ በሳቅ ፈረሰች።

አንድ ሙከራ ይቀረኛል። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስሜነህ የራሱን ጫማ ፈታና እግሬ ሥር አስቀመጠው።

«አድርገው።»

«ይጠበኛል።»

«አድርገው አልኩህ! እንዲህ ሆነህ ወደ ቢቸና አትመለስም።»

አደረግኩት። አነሳሁ። ያለ ምንም መንገዳገድ! ተጨበጨበልኝ።

ከዚያ ተራው የስሜነህ ሆነ፤ ጫማው ግን ከእግሬ አልወጣ አለ። እግሬ አብጦ ተቀርቅሯል። ፖሊሱ አንዱን እግር፣ ጸሐፊው ሌላውን ይዘው ሲጎትቱ በመቀመጫዬ ሜዳውን አቋረጥኩ። ዳኛው የመጨረሻ ጥሪ አሰሙ። ሰው «በባዶ እግርህ አንሳ!» ይላል። አባቱም ብድግ አሉ፤ «አንተ ልጅ፣ ከእናትህ ሆድ ጫማ አድርገህ ነው እንዴ የወጣኸው? አንሳ እንጂ!»

ስሜነህ ብረቱን አየ፣ አባቱን አየ፣ ወደኛ ዞረ። «በባዶ እግር አታንሱ እያልኩ ስንቱን መልሻለሁ። አላነሳም» አለ።

ሞጣ አሸነፈች። አባቱ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «እንግዲህ ጉልበትህን ሳላይ ልሞት ነው» ብለው ሄዱ። እንዳሉትም ሆነ፤ ዓመት ሳይሞላ አረፉ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ወንዝ ውስጥ እግሬን ነክሬ ነው ጫማው የወጣልኝ። ስሜነህ የተላጠ ተረከዜን ይዞ ወይን ጠጁን የቁስል መድኃኒት ሲቀባኝ አለቀስኩ። «ዝም በል፣ ይሄን ያህል አያቃጥልም» አለኝ። ያስለቀሰኝ መድኃኒቱ እንዳልሆነ ያውቃል።

ዛሬ ልጁ ካለቀስን በኋላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ ያኔ ሞጣ ላይ ሆዱን አሞት ነው አይደል ሳያነሳ የቀረው? ሁሌ እንዲያ ነው የሚነግረን።»

ልጆቹን ሒሳብ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እንዳይስቁብኝ ብሎ ነዋ! ይህን ሁሉ ዓመት ሆድ ቁርጠት ላይ አላከከው።

ስሜነህ፣ እውነቱን ነግሬያታለሁ፤ ለሁሉም ይኸው ጻፍኩት። ሆድህን ምንም አላመመህም። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነው፤ አንተ ስታስቀኝ ጊዜው አለፈብኝ።

አባትህን ስታገኛቸው አላምንህም ካሉ ምስክር አለኝ በላቸው። መጥቼ ጉልበትህን እነግራቸዋለሁ። ደህና ሁን ወንድሜ። እኔን ለመጥራት ብቻ አትቸኩል።