ቀድመህ ውጣ

በሚሠራበት ቤት ሁሉም የሚጠሩት «ቀስታ» እያሉ ነው። ስሙን ያወጡለት የበሩ ዘበኛ ናቸው። አልጋ ሲገፋም፣ ደረጃ ሲወጣም፣ ሻይ ሲያማስልም የሚቸኩልበት ጉዳይ ያለው አይመስልም። ከበሽተኛ አጠገብ ሲቀመጥም ከአፉ የምትወጣው ቃል ያቺው ናት፦ «ቀስታ፣ ቀስታ።»

ቤቱ ሰው ታክሞ የሚወጣበት ሆስፒታል አይደለም። ሐኪሞች ከእንግዲህ የምናደርገው የለም ያሏቸው ሰዎች የቀረቻቸውን ጊዜ የሚያሳልፉበት፣ ረጅም ኮሪደርና ዝቅ ያሉ መስኮቶች ያሉት ሕንጻ ነው። ለሥቃዩ መርፌና ጠብታ አለ። የደነዘዘ እግር ዘይት ቀብታ የምታሽ ሴት አለች። ጸሎት ለሚሻ የሚጸልይለት፣ ዝምታ ለሚሻም ዝም ብሎ አጠገቡ የሚቀመጥለት ይገኛል። ቀስታ ደግሞ አብሮ ይተነፍሳል።

ዘበኛው ይህ ሥራ ነው ሲባል እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። ማታ ሲገባ በር ላይ ይጠብቁታል። «እኔ ዕድሜ ልኬን በነፃ ስተነፍስ ኖሬ፣ አንተ ደሞዝ ትበላበታለህ» ይሉታል። እሱም ጋሼ፣ እርስዎ መች ተነፈሱ፣ ወሬው መች ፋታ ሰጥቶዎት ይላቸዋል። ስቀው ያሳልፉታል።

ድሮ በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ትራምፔት ነፊ ነበር። አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ የተጉመጠመጠው ውኃ በአፉ ጥግ ፈሰሰ፤ ግማሽ ፊቱ ሌሊቱን ሳያውቀው ደንዝዞ ሸሽቷል። ፊቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ ከንፈሩ ግን ትራምፔት የሚይዝበትን ጉልበት እንዳጣ ቀረ። ወደዚህ ቤት የገባው አልጋ ለመግፋት ነው። አንድ ቀን ትንፋሽ ያጠራት አሮጊት አጠገብ ቆሞ ሲስተርን ሲጠብቅ፣ ሳያስበው፣ ከጎኑ ከተቀመጠ ነፊ ጋር እንደሚገጥም ሁሉ ትንፋሹን ከሴትዮዋ ጋር ገጠመ። ከገጠመ በኋላ የራሱን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ አዘገየው። ሴትዮዋ ተከተለችው። ሲስተር ስትደርስ የአልጋውን ብረት ጨብጠው የነበሩት ጣቶች ተፈትተው አንሶላው ላይ አርፈዋል።

ሲስተር የቤቱ ዋና ነርስ ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ አነጋገሯ ደግሞ ከቁመቷ ያጠረ። አልጋ መግፋቱን አስተወችውና ለአዲሱ ሥራው ሥርዓት አበጀችለት። ግጠም፣ ከገጠምክ በኋላ አዝግም፣ መጨረሻው ሲቃረብ ግን ቀድመህ ውጣ አለችው። ትንፋሹ እየተራራቀ ሲሄድ ተነስቶ መስኮቱ ጋ መሄድ፣ ማሳል፣ የራሱን አየር መሳብ አለበት። የቀረችዋን መንገድ ሰውየው ብቻውን ይሂዳት።

«አብረህ ከሄድክ ማን ይመልስሃል?» ነበር ያለችው። እንደ ቀልድ ሰማት። ቢሆንም ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ ይሄድ ነበር፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ያ ሰው አማቱ፣ የሚስቱ አባት ነው። ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ አንድ ዐይናቸውን አጥብበው ደቃቅ ብሎን በሁለት ጣት ሲቆነጥጡ የኖሩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እዚያው ቤት ገቡ፤ ሚስቱም መቀስና ክሯን ይዛ ከአልጋቸው ግርጌ የማትጠፋ ሆነች። ሥራዋ የተማሪዎች ዩኒፎርም መስፋት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ቀሚሶቹን አምጪ እያሉ ሲነዘንዟት ቀስታ የሽማግሌውን ደረት አየና ሂጂ አድርሺ፣ ዛሬ ምንም አይሆኑም አላት። ልምዱን አምና ሄደች። ብዙም ሳትርቅ ትንፋሻቸው ተለወጠ። እጁን ያዙትና እስክትመጣ አትልቀቀኝ አሉት። አልለቀቃቸውም። መስኮቱ ጋ አልሄደም። ሚስቱ ስትመለስ አንሶላው ፊታቸው ላይ ወጥቷል።

አንድም ቃል ወቅሳው አታውቅም። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር።

የሚሠራው ማታ ስለሆነ የሚተኛው ቀን ነው። ከተረፈ የዩኒፎርም ጨርቅ የሰፋችው ወፍራም መጋረጃ ክፍሉን ያጨልምለታል፤ በግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናዋ ይሄዳል። ለዓመታት እንቅልፍ የወሰደው በዚያ ድምፅ ነው። ከቀብሩ በኋላ በመጣው ወር ግን አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ሳህኑን እያየች፣ ስትተኛ የምትተነፍሰው እንደ ሌላ ሰው ነው አለችው።

«የማን ሚስት ሆነሻል ታዲያ?» ብሎ ቀለደ።

አልሳቀችም። እንዴት እንደሆነ ነገረችው። ሲስብ አፍንጫው ውስጥ ቀጭን ፉጨት አለች። ከዚያ ቀጥ ይላል። ከዚያ ሁለት አጫጭር፣ እንደ ሳቅ ያሉ። ልጅ ሆና አንዲት ክፍል ውስጥ ከአባቷ ጋር ስትኖር እንቅልፍ የሚወስዳት ያንን ፉጨት እየሰማች ነበር። ቀስታም ያንን ትንፋሽ ያውቀዋል፤ ራሱ ገጥሞታል። የቆረሰውን ዳቦ ወደ ሳህኑ መለሰው።

የቤቱ ሐኪም ደረቱን አዳመጠው፣ አፍንጫውን በመብራት አየው፣ ሳንባህ የጎረምሳ ነው ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሲስተር የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአማትህ ቀድመህ ወጥተሃል ወይ አለችው። ዐይኑን ወደ ወለሉ ሲያወርድ መድኃኒት ወደምትቆጥርበት ጠረጴዛ ተመለሰች።

ሚስቱ መጀመሪያ ፈርታ ነበር። ይህን ሥራ ተው፣ ዘበኝነትም ቢሆን አይጠፋም፣ የሰው ሞት ወደ ቤቴ አታምጣብኝ ብላ ለመነችው። እሱ ሊተወው ማሰብ ሲጀምር ግን ልመናው ቀረ። ሥራ ትተህ ምን ልትበላ ነው ማለት ጀመረች። ጠዋት ሲገባ መጋረጃው ተስቦ፣ አልጋው ተነጥፎ ይጠብቀዋል። «ደክሞሃል፣ ቶሎ ተኛ» ትለዋለች፤ እንደ ፍቅር ቆጥሮት ደስ ብሎት ይተኛል።

አንድ ቀን ፀጥታ ቀሰቀሰው። መኪናው ቆሟል። ዐይኑን ሳይገልጥ አጠገቡ ሰው መቀመጡን አወቀ። ሚስቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታወራለች። ትምህርት ቤቱ ቀሚሶቹን ጠበዋል ብሎ እንደመለሰባት፣ ልጆቹ ወፍረው እንጂ ልኩ ልክ እንደነበር፣ የጎረቤቷ ልጅ እንዳገባች ታወራለች። በየመሃሉ «አባዬ» ትላለች። ከእሱ ጋር ተቀምጣ ይህን ያህል ካወራች ስንት ጊዜዋ። መተንፈስ ፈራ። የነቃ ሰው ትንፋሽ ሌላ ነውና ወዲያው አወቀችበት። በርጩማው ተንቀሳቀሰ፤ እግሯ ወደ መኪናው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ራሱን መጠበቅ ጀመረ። ሲነቃ የቀኝ እጁ አውራ ጣትና አመልካች ጣት በጣም ትንሽ ነገር እንደያዙ ሁሉ ተቆንጥጠው ያገኛቸዋል። እስኪያላቅቃቸው ይቆያል። አንድ ዐይኑ ጠቦ ይነቃል፣ ብርሃን ይወጋዋል። በሥራውም አልገጥም አለው። ጉሮሮዋ የታመመባት አስተማሪ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ሴትዮዋ የቀራትን ድምፅ አሰባስባ ይህ ሰውዬ ያፏጭብኛል፣ ሌላ ሰው አምጡልኝ አለች። ሲስተር በጨዋ ደንብ ጥቂት ቀን ወደ አልጋ መግፋቱ እንዲመለስ ጠየቀችው። ዘበኛው በዚያ ሰሞን አልለከፉትም፤ ይህ ከሁሉ የባሰ ከበደው።

በዕረፍት ቀኑ ከሚስቱ ፊት ተቀመጠ። መርፌ ከንፈሯ ላይ ይዛ ቁልፍ የምትተክልበትን ጨርቅ ታስተካክላለች።

«ከሰዓት ከሰዓት የምታወሪው ከእኔ ጋር አይደለም» አላት።

«አውቃለሁ።»

«እኔስ ያን ጊዜ የት ነኝ?»

መርፌውን ከአፏ አወጣችና አሰበችበት። «እኔ እንጃ። ግን ሁልጊዜ ትመለሳለህ።»

«አንድ ቀን ባልመለስስ?»

ቁልፉን ተክላ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠች። ከዚያ እኔ እኮ አልተሰናበትኩትም አለች፤ ስታለቅስ ግን አላያትም።

ያን ቀን ሥራውን አስተማራት። አልጋው ጠርዝ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ይህን ሁሉ ዘመን አብረው ኖረው አንዱ የሌላውን ደረት እንዲህ አይቶት አያውቅም። መግጠሙ አላስቸገራትም፤ የስፌት እግሯ ምት ያውቃል። ማዝገሙንም ያዘችው። ስለ መጨረሻው ግን ደጋግሞ አስጠነቀቃት። ትንፋሹ ሲራራቅ ተነሺ፣ መስኮቱ ጋ ሂጂ፣ መጋረጃውን ግለጪ፣ ሳል አድርጊ። ትቼው ሄድኩ ብለሽ አትፍሪ፤ የምትተይው እኔን አይደለም። ራሷን ነቀነቀች። እሱም ጫማውን አውልቆ ጋደም አለ። አስፈሪው ነገር መተኛቱ ነበር፤ እጇን ደረቱ ላይ ስታሳርፍ ግን እንቅልፍ ወሰደው።

ሲነቃ መጋረጃው ተገልጧል፣ የመሸ ብርሃን ግድግዳው ላይ አለ። ጣቶቹ ተፍታተው አንሶላው ላይ ተዘርግተዋል። ሚስቱ መኪናዋ ጋ ናት። ፉጨቱ እየቀጠነ እንደሄደ፣ መሃሉ እየሰፋ እንደመጣ፣ በመጨረሻ አንድ ረጅም ፀጥታ እንደሆነ ነገረችው። ቀጥሎ የሚመጣው የማን እንደሆነ ሳላውቅ ጠበቅኩ አለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንኮራፋህ። እንደ ድሮህ፣ እንደተሰበረ ትራምፔት።»

ሁለቱም ሳቁ። መስኮቱ ጋ ሄድሽ ወይ ሲላት መጋረጃውን ማን የገለጠው መሰለህ ብላ መልሳ ሳቀችበት።

ያ ሰሞን መልካም ሆነ። ያቺ አስተማሪ ራሷ አስጠርታው እጇን ሰጠችው። ዘበኛው፣ ደሞዝህን ከአየሩ ጋር ሊያካፍሉህ ነው አሉ፣ ብለው ለከፉትና ደስ አለው። ቤት ሲገባ ሚስቱ ታዋየዋለች፣ ምግቧንም ትበላለች። ፊቷ ብቻ ትንሽ የከሳ መሰለው፤ ከስፌቱ ብዛት ነው አለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን እንደገና ፀጥታ ቀሰቀሰው። ተነስቶ በሩን ከፈተ። ሚስቱ ባልተሰፉት ቀሚሶች ክምር ላይ ራሷን አስደግፋ ተኝታለች። ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ሰማው። ቀጭን ፉጨት። ከዚያ ቀጥ ማለት። ከዚያ ሁለት አጫጭር፣ እንደ ሳቅ ያሉ። መኪናው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው እጇ አውራ ጣትና አመልካች ጣቱን ቆንጥጧል።

እግሯ ስር እንደተንበረከከ ዐይኗን ገለጠች። ፊቱን አየችው፤ መካድ አልሞከረችም።

«መጋረጃውን የገለጥኩት በኋላ ነው» አለች።

«ለምን?»

«ልሄድ ተነስቼ ነበር። ብቻውን ሆኖ ታየኝ።» ጣቶቿን አየቻቸው፤ አላላቀቀቻቸውም። «እኔ ጋ ይሁን። አንተ ሥራ አለህ።»

ሊገጥማትና ሊያወጣት የሚችል ሰው በከተማው ውስጥ እሱ ብቻ እንደሆነ አወቀ። ስትተኛ ጠብቆ፣ እጁን ደረቷ ላይ አሳርፎ ሊሠራው ይችላል። ግን ይህ ሥራው ከሆነ ወዲህ ሳይጠሩት አንድም ሰው አጠገብ ተቀምጦ አያውቅም፤ ሳትፈቅድ ከደረቷ ቢወስደው ደግሞ አባቷን ሁለተኛ እንደነጠቃት ይሆናል። እስከ መቼ ብሎ ጠየቃት። እስክንጠግብ አለችው፣ አንገቷን እያሻሸች።

እዚህ አንገትሽን ያምሻል፣ አልጋው ላይ ተኚ አላት። እሺ ብላ ተነሳችና እሱ በተነሳበት ቦታ ጋደም አለች። ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳበላት። የሥራ ሰዓቱ ደርሷል፣ ኮቱን ለበሰ። ፀሐይዋ ገና ስላልገባች መጋረጃውን ዘጋላትና ከጨለማው ውስጥ ሆኖ ውኃ ላምጣልሽ ወይ አላት።

«በኋላ፣ ልጄ» አለው ድምጿ።

መጋረጃውን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ወደ ማጀት ገብቶ ውኃውን ቀዳ፤ ይዞለትም ይሁን ይዞላት፣ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።